አሥራ ሁለት ፎቶ፣ ሁለት መቶ ዘመድ

አንድ ጥቅል 120 ፊልም 12 ፎቶ ያወጣል። አዲስ ዓለም ውስጥ ደግሞ 12 ዘመድ ብቻ የመጣበት ሠርግ ታይቶ አይታወቅም። በእኛ ከተማ የሚዲየም ፎርማት ካሜራ ወሬ ሲነሳ አስቀድሞ የሚነሳው ይኸው የድሮ ጠብ ነው። የሌንስ ጥራት፣ የፊልም ስፋት፣ የዋጋ ነገር የሚመጣው ጠቡ ከበረደ በኋላ ነው።

እስቲ እንቁጠረው። ሙሽሮቹ ለብቻቸው 1። ከሚዜዎቹ ጋር 1። ከሙሽሪት ወላጆች ጋር 1፣ ከሙሽራው ወላጆች ጋር 1። እዚህ ላይ ለአንዱ ወገን ሁለት ከተነሳ ነገሩ መልስ ላይ ይነሳል፣ ክርስትና ላይ ይነሳል፣ ከተፋቱም ይነሳል። የነፍስ አባት ያሉበት 1። ኬክ ሲቆረስ 1። የቀረው 6 ነው። ይህን 6 የእናት ወገን፣ የአባት ወገን፣ እድርተኛው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው፣ ከጊንጪ የመጣው፣ ከአምቦ መኪና ተኮናትሮ የመጣውና «እኔ እኮ ነኝ ያሳደግኳት» የምትለው ጎረቤት ይካፈሉታል። ኬኩ ባይኖር አንድ ወገን ይታረቅ ነበር፤ ግን ኬኩም የሚነሳው ሰው እንዲያየው ነውና ማን ይሰርዘዋል?

ስለዚህ የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ ሙያው ግማሹ ሽምግልና ነበር። ቀሪው ግማሽ ምላሱ ነበር። ምላሱ ስል ቃል በቃል ነው፦ መዘውሩን ሳያዞር፣ ቁልፉን ሳይነካ፣ ከላንቃው ላይ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ማውጣት የሚችል ፎቶ አንሺ በአካባቢያችን ይፈለግ ነበር። ተነሺው ልብሱን አስተካክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ተነስቶ ይሄዳል። በሳምንቱ ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ መልሱ ተዘጋጅቷል፦ «ፊልሙ ተቃጠለ።» በአዲስ ዓለም ተቃጠለ የተባለው ፊልም ሁሉ እውነት ተቃጥሎ ቢሆን እሳቱ እስከ ዛሬ ባልጠፋ።

የዘመዱን ብዛት የሚወስነው የካሜራው ዓይነት ነው። 120 ፊልም ያው አንድ ነው፤ ወርዱ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ከጀርባው ወረቀት አብሮት ከአንዱ ማጠንጠኛ ወደ ሌላው ይጠቀለላል። 6 በ4.5 የሚከፍለው ካሜራ 15 ወይም 16 ያወጣበታል። 6 በ6 የሚከፍለው 12፣ 6 በ7 የሚከፍለው 10። 6 በ9 ካሜራ ይዞ ሠርግ ቤት የሄደ ሰው ደግሞ 8 ብቻ ስላለው ሙሽሮቹንና ወላጆቹን አንስቶ በጓሮ በር ቢወጣ ይሻለዋል።

ይህ ፊልም የከተማችን እኩያ ነው። ኮዳክ «ብራውኒ ቁጥር 2» ለምትባለው የሳጥን ካሜራ 120ን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። በዚያው ሰሞን ዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባ ዙሪያ ማገዶ ቢመነምንባቸው ዋና ከተማቸውን ወደ እኛ ሊያዛውሩ አስበው፣ ስሟንም አዲስ ዓለም ብለው፣ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ነበር። ከዚያ ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባን ከስደት አዳናት። ለእኛ የተጀመረው ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እነሆ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፣ ለዋና ከተማ የተለካ ስም ይዘን ተቀምጠናል። በዚህ ምክንያት የአዲስ ዓለም ልጅ «ጊዜው ያለፈበት» የሚባል ዕቃ ሲያይ ቶሎ አይንቅም። 120 ፊልምም ስንቴ ሞተ ተብሎ ድንኳን ተጥሎበታል። 620 የሚባለው ወንድሙ እ.ኤ.አ. በ1995 መመረቱ ቆሟል፤ እሱ ግን ዛሬም ይሸጣል።

ፎቶ ቤቶቻችን ይህን ፊልም የወደዱት በከንቱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የሠራው በመስታወት ሰሌዳ ዘመን ነበር። ከመስታወት ወደ ፊልም ሲሻገሩ ሰፊውን ፊልም መምረጥ የሚያስገርም አይደለም። የ6 በ6 ኔጋቲቭ በስፋቱ የተለመደውን 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጣል። ማጉያ መሣሪያ የሌለው ፎቶ ቤት ኔጋቲቩን በወረቀቱ ላይ አስተኝቶ ብርሃን ቢያሳየው ትንሽም ብትሆን ፊት የሚለይባት ፎቶ ያገኛል። ከሁሉ በላይ ሰፊ ኔጋቲቭ ለእርሳስ ይመቻል። በደንብ በሾለ እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ጠቆር ጠቆር ሲደረግ የታተመው ፎቶ ላይ ቦታው ይነጣል፦ ብጉር ይጠፋል፣ የግንባር መስመር ይቃናል፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሙሽራ የተኛ ይመስላል። ዛሬ ስልኩ በራሱ የሚሠራውን ሥራ ያኔ አንድ ሰው በአምፖል ፊት ጎብጦ ሲሠራው ያመሽ ነበር፤ ለዚያውም የግንባርን መስመር የሚያጠፋው በባለቤቱ ፈቃድ ነበር። አንዳንድ ሽማግሌ «የኔን አትንካ፤ ለፍቼ ያመጣሁት ነው» ይላሉ።

ርካሹ ካሜራ ሉቢቴል ነበር። ሌኒንግራድ ውስጥ ሎሞ የሚባለው ፋብሪካ ይሠራው የነበረ፣ አካሉ ባኬላይት፣ ክብደቱ ቀላል፣ ሁለት ሌንስ ከላይና ከታች ያለው ካሜራ ነው። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምሮ በተመለሰ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ወደ እኛ ሰፈርም ገብቷል። ሉቢቴል ባለቤቱን የሚያምን ካሜራ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ፊልሙን ከጀርባው ባለችው ቀይ መስኮት ቁጥር እያየህ ራስህ ታዞራለህ። ሻተሩን ለብቻው ትስባለህ። ለብቻው ትለቃለህ። ማዞሩን ብትረሳ የሚከለክልህ የለም፤ ሁለተኛው ሰው በመጀመሪያው ሰው ላይ ይታተማል።

ታዲያ አንድ የፋሲካ ዕለት አንዲት ልጃገረድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለ ጽድ ሥር ተደግፋ ተነሳች ይባላል። ባለ ሉቢቴሉ ፊልሙን ማዞሩን ረሳ። ቀጥሎ የሰፈሩ መምህር ያችኑ ጽድ ተደግፎ ተነሳ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ የመምህሩ ክንድ በልጅቷ ትከሻ ላይ፣ ደስ ብሏቸው ይታያሉ። ፎቶውን በኤንቨሎፕ የተቀበሉት የልጅቷ አባት ነበሩ። መምህሩ ስለ ሻተር አሠራር ለማስረዳት አንድ ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ ግን ይህን ሁሉ ከማስረዳት ሽማግሌ መላክ ይቀላል ብሎ ላከ። ታሪኩን የነገሩኝ ሰዎች መጨረሻቸው አምሯል ይላሉ። እኔ ግን የምገምተው መምህሩ ከመጀመሪያውም ካሜራውን በደንብ ያውቀው ነበር።

ከሉቢቴል አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ያሺካ ማት 124 ጂ ይመጣል፤ የእኛ ከተማ ካሜራ እሱ ነው። ዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት የነበረው ሰው እስከ ዛሬ ይዞታል። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው፤ እኔም እዚህ ጋሼ ብዬ ልለፈው። ያሺካ ጃፓን ሠራሽ ሆኖ እንደ ሉቢቴል ሁለት ሌንስ ከላይና ከታች አለው፤ ግን ባለቤቱን አያምንም። መዘውሩ ካልዞረ አይተኮስም፤ ከተተኮሰ ደግሞ ሳይዞር አይደገምም። በዚህ ካሜራ ማንም በስህተት አይዳርም።

አያያዙን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጋሼ ካሜራውን በማንገቻው ሆዱ ላይ ያሳርፋል። ክዳኑን በአውራ ጣቱ ሲነካው አራቱ ግድግዳዎች ብድግ ይላሉ፤ መሃላቸው ብርሃን ያረፈባት አራት ማዕዘን መስታወት አለች። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ እሷን ያያል። በግራ እጁ የጎኑን ዘውር እያዞረ የተነሺውን ዓይን ያጠራል፤ የምትታጠፈዋን ትንሽ አጉሊ መነጽር ያወጣል፣ ይበልጥ ያጎነብሳል፣ ያጠራል፣ ትንፋሹን ይይዛል። «ቀጭ» ስትል እንኳ ከጎኑ ያለ ካልሆነ የሚሰማት የለም። እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ካባ በለበሱ ሽማግሌ ፊት፣ በቄስ ፊት፣ በአማት ፊት አንገቱን ደፍቶ ነው። የከተማችን አረጋውያን ስለ ፎቶ ጥራት ሲጠየቁ የሚያነሱት ይህንኑ ነው፦ «የዛሬ ልጅ ስልኩን ፊታችን ላይ ይደግናል፤ እሱ ግን እጅ ነስቶ ያነሳናል።» ካሜራን በሚገመግሙ መጽሔቶች ሁሉ የጎደለው መመዘኛ ይህ ይመስለኛል። ሌንሱ ምን ያህል ያጠራል ይላሉ፤ ካሜራው ሰው ፊት ምን ያህል ጨዋ ነው የሚል ግን የለም።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የላይኛው ሌንስ ያያል፣ የታችኛው ያነሳል፤ ሰውየው በጣም ከቀረበ ላይኛው ያየው ግንባር በታችኛው ፎቶ ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ላይ ያለው ያየውን ታች ያለው አለመፈጸሙ ደግሞ በመሥሪያ ቤትም ያለ ነው። ሌላው ችግር መስታወቱ ላይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ መታየቱ ነው። ጋሼ ለምዶታል። ረዳቱ ግን ገና ሲጀምር ጫፍ ላይ የወጡትን የሙሽራ አክስት ወደ መሃል ሊያስገባ ካሜራውን መስታወቱ ላይ ወደሚታዩበት ወገን ሲያዞር እሳቸው ከመስታወቱ ይሸሻሉ። «እትዬ፣ ወደ ቀኝ ጠጋ!» ይላል፤ ይጠጋሉ፤ ጨርሰው ይጠፋሉ። «ወደ ግራ!» ይላል። እትዬ በመጨረሻ «ልጄ፣ መጀመሪያ አንተ ቁም፤ ከዚያ እኔ እቆማለሁ» አሉት።

ሮለይፍሌክስ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ ያውም መሥራቹ፤ የመጀመሪያው በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1929 ወጣ። አንዳንዱ ሞዴል የፊልሙን ውፍረት በራሱ ዳስሶ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ይቆማል፤ ያሺካ ላይ ግን ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀስት ከምልክቱ ጋር ራስህ ታገጣጥማለህ። ጋሼ ሁለቱን ሲያወዳድር «ሮለይፍሌክስ ሀብታም ያገባችው የያሺካ እህት ናት» ይላል። አንዴ የያዘው ሰው ይህን ፍርድ መቃወም ይከብደዋል፤ የመዘውሩ ልስላሴ እውነትም ቅባት ያለው እጅ ነው። የሚከፈለው ግን ከያሺካው ሦስትና አራት እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ለኅዳር ጽዮን መጣ። ኅዳር 21 የአዲስ ዓለም ማርያም በዓል ነው፤ ያን ቀን ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶብስ ማቆሚያ ያጣል፣ ኮረብታው ነጠላ በነጠላ ይሆናል። ልጁ በትልቅ ቦርሳ ሃሰልብላድ 500 ሲ/ኤም ይዞ ነበር የመጣው፦ አንድ የ80 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ የ150፣ ሁለት የፊልም ቤት። በበዓሉ ዋዜማ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሼ ካሜራውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላበጠው።

«ስንት ገዛኸው?»

«ሁለት ሺህ ዶላር አካባቢ ነው ጋሼ። ያውም ያገለገለ።»

«በብር ስንት ይሆናል?»

«ወደ ሦስት መቶ ሺህ።»

ጋሼ ካሜራውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ፊልሙን ጨምሮ?»

«አይ፣ ፊልሙ ለብቻ ነው።»

«በዚህ እኮ በሬ ገዝተህ ለሞፈሩና ለቀንበሩም ይተርፍህ ነበር።»

የአክስቴ ልጅ አልተበገረም። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ጨረቃ ላይ የሄደው ካሜራ ነው!» አለ።

«ተመለሰ?»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ የተጠቀሙባቸውን ሃሰልብላዶች አብዛኛዎቹን እዚያው ትተዋቸው ነው የመጡት፤ ለመመለሻው ክብደት መቀነስ ስለነበረባቸው ፊልሙ ያለበትን ቤት ብቻ ነቅለው ይዘው ተመለሱ።

«ታዲያ» አለ ጋሼ፣ «አሜሪካኖቹ ከብዷቸው የጣሉትን ነው በሁለት ሺህ ዶላር ገዝተህ ወደ ኮረብታው የምትሸከመው?»

ስለ ሃሰልብላድ ፍትሕ ልናገር። ስዊድን ሠራሽ ነው፤ ስዊድኖችን ደግሞ እኛ በደህና ነው የምናውቃቸው፤ በ1927 ዓ.ም. ሆለታ ላይ፣ ከእኛ ወደ አዲስ አበባ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ የገነት ጦር ትምህርት ቤትን ያቋቋሙት መኮንኖች ስዊድናውያን ነበሩ። ሃሰልብላድም ያንን የወታደር ሥርዓት የወረሰ ካሜራ ነው። ክፍሉ ሁሉ ይፈታል፣ ይገጣጠማል፦ ሌንስ፣ አካል፣ መመልከቻ፣ የፊልም ቤት። ጥቁርና ነጭ ፊልም ያለበትን ቤት ነቅሎ ባለ ቀለሙን መግጠም የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፤ ያሺካ ላይ ግን የጀመርከውን 12 ሳትጨርስ ፊልም መቀየር አትችልም። የ150 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ የሽማግሌን ፊት ከሩቅ ሆኖ ያለ ጥመት ያነሳል፤ ያሺካ ሌንሱ አይነቀልም። ፍላሽ በማንኛውም ፍጥነት ይቀበላል፣ እስከ አምስት መቶኛ ሰከንድ። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን ሥርዓቱ ካልተጠበቀ አይታዘዝም። ፊልም ቤቱ ፊት የምትሰካ ስስ ብረት አለች፤ እሷ ካልወጣች ቁልፉ አይጫንም። በማግስቱ ታቦቱ ሲወጣ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ የአክስቴ ልጅ ከተመረጠ ቦታ ቆሞ ተጫነው፤ እንቢ አለ። ተጫነው፤ እንቢ አለ። ብረቷን አስታውሶ ነቅሎ ኪሱ ከቶ ቀና ሲል የቀረው የመጨረሻው ዲያቆን ጀርባ ነበር። ቀጥሎ ሲያነሳ ደግሞ ውስጡ ያለው መስታወት «ጓ!» ብሎ ተነስቶ እዚያው ቀረ፤ መዘውሩ እስኪዞር ድረስ መመልከቻው ጨለማ ነው። ከፊቱ የነበረች እናት ደንግጣ ዞር አለችና «ምን ሰበርክ?» አለችው። ጋሼ በዚያን ሰዓት ከጎናችን አንገቱን ደፍቶ ከሁለቱ ሌንሶቹ በአንዱ እያየ በሌላው ያነሳ ነበር። ለእሱ ምንም ነገር ለአፍታም አልጨለመበትም።

ልዩነቱ ይበልጥ የታየው ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ነው። 500 ሲ/ኤም የራሱ የብርሃን መለኪያ የለውም፤ የአክስቴ ልጅ በስልኩ ነበር የለካው፣ ወደ ሕዝቡ አነጣጥሮ። የኅዳር ጽዮን ሕዝብ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው። መለኪያው ያን ሁሉ ነጭ አይቶ ብርሃን በዝቷል ብሎ ፈረደ፤ ነጠላው በልኩ ወጣ፣ ፊቶቹ ግን ጨለሙ። የጋሼ ያሺካ በበኩሉ መለኪያ አለው፤ ይሠራበት የነበረው የሜርኩሪ ባትሪ ከገበያ ከጠፋ ግን ቆይቷል። ስለዚህ ጋሼ በጥላ ነው የሚሠራው። ጥርት ባለ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ ያደርጋል፣ ፊልሙ 125 ከሆነ ፍጥነቱን አንድ መቶ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ያደርጋል፤ ከዚያ የተነሺውን ፊት አይቶ ቀዳዳውን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ይከፍታል። ምክሩም አጭር ነበር፦ «የሰውየውን ፊት ለካ። ነጠላውን አትጠይቀው፤ ነጠላ ሁልጊዜ ብርሃን በዛብኝ ነው የሚለው።»

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ማሚያ አርቢ 67ን አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ ስቱዲዮው ውስጥ አቁሞታል፤ አቁሞታል ማለቴ ከሦስት እግሩ ላይ ስለማይወርድ ነው። ከሌንሱ ጋር 2.7 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ካሜራውን ሳያዞሩ የጀርባውን ፊልም ቤት ብቻ አዙሮ ቁመቱን ወርድ ማድረግ መቻሉ ለጉርድና ለቡድን ፎቶ ድንቅ ነው፤ የ6 በ7 ኔጋቲቩም ያማረ ነው። ይዘኸው ወደ ማርያም ኮረብታ ከወጣህ ግን በረከቱን በእግርህ አግኝተሃል። ፔንታክስ 67 ጥሩ ነው፣ ሲተኮስ ግን ውሻ ያስጮሃል። ኪየቭ 88 ከሩቅ ሲያዩት ሃሰልብላድ ነው፤ በቀድሞዎቹ ሃሰልብላዶች አምሳል ነው የተሠራው። መዘውሩን ሳታዞር ፍጥነቱን ከቀየርክ ይታመማል፣ ደኅና ሲሆን ደግሞ አንዱን ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ማነባበር ይወዳል። ቀረብ ብሎ የሚያውቀው ሰው ሠርግ ላይ አያወጣውም።

እንግዲህ ገንዘቡ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብራችን በገበያ ስለሚተመን ቁጥሩ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ለስሌት ያህል አንዱን ዶላር በ150 ብር እንያዘው። ደህና ያሺካ ማት 300 ዶላር ገደማ ነው፣ 45,000 ብር። ሉቢቴል 50 ዶላር ቢሆን 7,500 ብር። ሰው ሁሉ የሚከራከረው በዚህ ላይ ነው፤ እኔ ግን ይህ የአንድ ቀን ሕመም ነው እላለሁ። ካሜራ አንዴ ይገዛል፤ ፊልም ግን በየጊዜው ይበላል። አንድ ጥቅል ጥቁርና ነጭ 8 ዶላር ገደማ ሲሆን 1,200 ብር ነው። ለ12 ሲካፈል አንዱ «ቀጭ» 100 ብር! ባለ 6 በ7ቱ ማሚያ 120 ብር፣ ባለ 6 በ9ኙ 150 ብር። ኮዳክ ፖርትራ 400 የሚባለው ባለ ቀለም ፊልም 14 ዶላር ቢሆን 2,100 ብር ሆኖ በ6 በ6 አንዱ 175 ብር ይወጣበታል። የእጥበቱ አልተቆጠረም። ጥቁርና ነጩን ጋሼ ከቤቱ ጓሮ ባለች ጨለማ ክፍል ራሱ ያጥበዋል፤ ባለ ቀለሙን ግን ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ተለምኖ ነው፣ ያውም ኤርፖርት ላይ ኤክስሬይ ውስጥ እንዳይገባ በእጅ ፈትሹልኝ ብሎ እንዲከራከርልን አደራ ተብሎ።

ይህ ስሌት ከታወቀ ወዲህ ጋሼ ፊት የሚቆም ሰው ጠባዩ ተቀይሯል። ዱሮ «ዓይንህን አትጨፍን» ይባል ነበር። አሁን ጋሼ የሚለው «መቶ ብር ነው» ብቻ ነው። ዓይኑን የሚያርገበግብ ጠፋ። ልጆች ሳይቀሩ ቀጥ ይላሉ። በስልክ አርባ ጊዜ ተነስቶ አንዱንም የማይወድ ጎረምሳ በያሺካ አንዴ ተነስቶ ፎቶውን ኪሱ ይዞት ሲዞር አይቻለሁ። ሠርግ ላይም ቢሆን ጠቡ ቀርቷል፤ 11ዱን ስልክ ያነሳዋል፣ ሽማግሌዎቹ ጋሼን የሚጠሩት ለአንዷ ነው። ያቺኛዋ ላይ ግን ማን መሃል ይቁም የሚለው ክርክር ያው እንደ ድሮው ነው።

ፍርዴን ለጠየቀኝ፦ ስቱዲዮ ያለው ሰው ማሚያውን ይግዛ። ከሌንስ ሌንስ የሚቀያይር፣ ሥርዓት የሚወድ፣ ገንዘቡም የማያሳስበው ሃሰልብላዱን ይግዛ፤ ብረቷን ከመንቀል አይዘናጋ እንጂ አይጸጸትም። ለሌላው ሁሉ፣ በተለይ ሰው ፊት ቆሞ ሰው ለሚያነሳ፣ ያሺካ ይበቃዋል፤ የተረፈው ገንዘብ ለፊልም ይሁን። ስትገዙ ፍጥነቱን 1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። «እዝዝ» ብሎ ጀምሮ መሃል ላይ ከቆመ ወይም ከተንቀራፈፈ ሻተሩ ደርቋልና ዋጋ ቀንሱ፣ አለዚያ ተዉት። ሌንሱን በባትሪ ብርሃን አሳልፋችሁ እዩ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ካለበት ሻጋታ ነው፣ ጨርሶ አትንኩት።

አንድ ልመናም አለኝ። በቤታችሁ ቁም ሳጥን ላይ፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ የድሮ ፎቶ ቤት ኤንቨሎፕ ካለ ኔጋቲቩን አትጣሉት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ኔጋቲቮቻቸውን ይዘው ለንደን በመግባታቸው ነው ያን ዘመን ዛሬ በኤግዚቢሽን ማየት የተቻለው። የእኛዎቹ ፎቶ አንሺዎች ቤተ መንግሥት አላነሱም፤ ያነሱት እናንተን ነው። የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ ጠይቁና የተነሺዎቹን ስም ኤንቨሎፑ ላይ በእርሳስ ጻፉበት።